ክረምት ሲገባ የሚጠበው ሜዳ

በጎጃም የገጠር ቀበሌዎች ስለ መሬት መጎዳት በሚደረግ ስብሰባ ሁሉ አንድ ተከሳሽ አይጠፋም፤ እሱም ከብት ነው። የግብርና ባለሙያው ተነሥቶ ልቅ ግጦሽ መቆም እንዳለበት ይናገራል፣ ሊቀ መንበሩ ይደግፈዋል፣ ገበሬው ራሱን ነቅንቆ ይስማማል፣ በማግሥቱም ከብቶቹ እንደ ወትሮው ወደ ሜዳው ይነዳሉ። ይህ የሚሆነው ገበሬው ነገሩን ስላልተረዳው ነው የሚለውን አስተያየት አልቀበለውም። ጎዛምን ውስጥ ከብት ጠብቄ ያደግሁ፣ አሁንም ዘመዶቼን ለመጠየቅ ወደዚያው የምመላለስ ሰው እንደ መሆኔ፣ ገበሬው የሜዳውን መጎዳት ከማንም በፊት እንደሚያይ አውቃለሁ። የጎደለው ክርክሩ ላይ ነው። ስለ ከብቱ ብዛት ብዙ ይባላል፤ ከብቱ በየትኛው ወር የትኛውን መሬት እንደሚረግጥ ግን እምብዛም አይነሣም። በእኔ እይታ በጎጃም ደጋና ወይና ደጋ ግጦሽ መሬትን የሚጎዳበት ዋናው መንገድ የሚገኘው በዚህ በሁለተኛው ጥያቄ ውስጥ ነው።

የእርሻውን ወቅት መከተል ይበቃል። በቆሎውና ድንቹ ቀድመው፣ ገብሱና ስንዴው በሰኔ፣ ጤፉ በሐምሌ ይዘራሉ። ከዚያ በኋላ እስከ ኅዳርና ታኅሣሥ ድረስ ማሳ የሚባል ሁሉ ለከብት ዝግ ነው፤ ሰብል የገባ ከብት ባለቤቱን ያስቀጣል፣ ከጎረቤትም ያጣላል። ስለዚህ በጋውን በሰፊው አገር ተበትኖ የከረመው ከብት፣ ክረምት ሲገባ ለእርሻ ወዳልሆነው ቁራጭ መሬት ይሰበሰባል፤ ወደ ጨፌው፣ ወደ ወንዝ ዳር፣ ወደ መንገድ ግራና ቀኝ፣ ወደ ዳገቱና ወደ ድንጋያማው ጥግ። የከብቱ ቁጥር ያው ነው፤ የሚሰማራበት መሬት ግን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ ትንሽ ክፍልፋይ ይወርዳል። ይህ መጥበብ የሚመጣው ደግሞ አፈሩ ከዓመቱ ወራት ሁሉ ይበልጥ ውኃ በጠገበበት፣ ሣሩም ገና ከሥሩ በሚያቆጠቁጥበት ጊዜ ነው። ከዚህ የከፋ አጋጣሚ መፍጠር ያስቸግራል።

ደረቅ አፈርን ሦስት ኩንታል ገደማ የሚመዝን በሬ ቢረግጠው አቧራው ይነሣል እንጂ ውስጡ ብዙም አይለወጥም። ውኃ የጠገበ አፈር ግን፣ በተለይ በረባዳው ሜዳ ላይ የሚበዛው ጥቁር መረሬ፣ ሰኮና ባረፈበት ቁጥር ይላቁጣል። በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ያሉት፣ አየርና ውኃ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች ይደፈናሉ፤ ሲደርቅ ያ የተረገጠ ሽፋን እንደ ምጣድ ጠንክሮ ይቀራል። በሚቀጥለው ዝናብ ውኃው ወደ ውስጥ መስረግ ሲገባው ላይ ላዩን ይፈስሳል፣ ወይም በሰኮና ጉድጓዶች ውስጥ ተኝቶ የሣሩን ሥር አየር ያሳጣዋል። በዚህ ምክንያት ሁለት ተቃራኒ የሚመስሉ ችግሮች በአንድ ሜዳ ላይ አብረው ይታያሉ፤ በሐምሌ ውኃ ያረገዘ፣ በየካቲት ደግሞ የተሰነጣጠቀና እርጥበት ያጣ መሬት።

ሣሩም የራሱ ሕግ አለው። ሣር ከተጋጠ በኋላ የሚያገግመው በሥሩና በግርጌው ባጠራቀመው ስንቅ ነው። አዲስ ቅጠል አውጥቶ፣ በዚያም ቅጠል የጎደለውን ሳይተካ እንደገና ከተነጨ ሥሩ እያጠረ ይሄዳል፤ ሥሩ ያጠረ ሣር ደግሞ በበጋ ከጥልቁ አፈር እርጥበት መሳብ አይችልም። በመጀመሪያ የሚሸነፉት ከብት አብዝቶ የሚወዳቸው ናቸው። ማገጥ ከአየር ናይትሮጅን ወስዶ አፈሩን የሚያበለጽግ፣ ለላምም ለበግም የሚስማማ ተክል ነው፤ ዓመት በዓመት ከዘሩ የሚበቅል ስለሆነ ግን አብቦ ዘሩን ሳያራግፍ ከተጋጠ በሚቀጥለው ዓመት ይሳሳል፣ ቀስ በቀስም ይጠፋል። ሰርዶ መሬት ላይ ተለጥፎ ስለሚሳብ ረዘም ላለ ጊዜ ይታገላል። በመጨረሻ ሜዳውን የሚወርሱት ከብት የሚሸሻቸው ናቸው፤ ጠንካራው አክርማና እሾሃማው ኮሸሽላ። አክርማ ሲበዛ ስፌት የሚሰፉ ሴቶች ቅር አይላቸው ይሆናል፤ ላሚቱ ግን ከእሱ የምታገኘው ጥቂት ነው። እንዲህ ያለው ሜዳ ከመንገድ ላይ ሆኖ ለሚያየው ሰው አረንጓዴ ነው። ተጠግቶ ላየው ደግሞ በየአክርማው ቁጥቋጦ መካከል ራቁቱን የቀረ አፈር ይታያል፤ መሸርሸር የሚጀምረውም ከዚያ ባዶ ቦታ ነው።

አጨዳው ሲያልቅ ሥርዓቱ ይገለበጣል። ነዶው ከማሳ ወጥቶ ወደ አውድማ ከተጓጓዘ በኋላ መሬቱ የግል መሆኑ ለጊዜው ይቀርና የማንም ከብት የማንንም ቃርሚያ ይበላል። ይህ የቆየ ልማድ የራሱ ጥቅም አለው፤ መሬት የሌለው ሰው ላም ወይም ጥቂት በጎች ማርባት የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው፣ ከብቱም እበቱን እዚያው ይጥላል። ነገር ግን በጥርና በየካቲት የቀበሌው ሕዝብ ወጥቶ የተፋሰስ ሥራ የሚሠራው፣ እርከን የሚያስረውና ክትር የሚክበው በዚያው ከብቱ በተለቀቀበት ወቅት ነው። በአንድ ቀን የተካበ እርከን ከብቱ ወደ ውኃ በሚመላለስበት መንገድ ላይ ከተገኘ ግንቦት ሳይደርስ ጫፉ ይናዳል፤ የተናደው ጫፍ ደግሞ የክረምቱን ጎርፍ በአንድ ቦታ ሰብስቦ ስለሚለቅ፣ ጭራሽ እርከን ካልነበረበት ማሳ የባሰ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። የችግኙም ነገር ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በሐምሌ በዘመቻ የተተከለ ችግኝ በመጋቢት ለምን እንደጠፋ ሲጠየቅ ድርቁ ይወቀሳል፤ ብዙውን ግን የበላው በግና ፍየል ነው።

በግንቦት የመጀመሪያዎቹ ኃይለኛ ዝናቦች ሲመጡ መሬቱ የሚጠብቃቸው በዚህ ሁኔታ ነው። ቃርሚያው ተበልቷል፣ ጭዱ ለከብት ቀለብ ተከምሯል፣ እበቱም እንጨት በጠፋበት አካባቢ ሁሉ ተለቅሞ ኩበት ሆኗል። ሣሩ ወደ ላሚቱ፣ ከላሚቱ ወደ ምድጃው ሄዶ አመዱ ብቻ ከጓሮ ሲደፋ፣ ማሳው ከዓመት ወደ ዓመት የሚመለስለት ነገር የለም። ስለ ግጦሽ ስንነጋገር ስለ ማገዶም መነጋገር ያለብን በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ ምንም እንኳ ሁለቱን የሚመለከቱት መሥሪያ ቤቶች የተለያዩ ቢሆኑም።

እዚህ ላይ ለከብቱ ጥብቅና የሚቆም አንድ ቁጥር ማንሣት ተገቢ ነው። በ1970ዎቹ በግብርና ሚኒስቴርና በስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ትብብር የተቋቋመው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም በአገሪቱ የተለያዩ ደጋማ አካባቢዎች ጣቢያዎች ከፍቶ ነበር፤ ከእነሱም አንዱ በ1976 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው፣ በምዕራብ ጎጃም ደምበጫ አካባቢ የሚገኘው አንጀኒ ነው። የፕሮግራሙ መሪ የነበሩት ሃንስ ሁርኒ ለኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ባወጡት ግምት መሠረት፣ ከአንድ ሄክታር የታረሰ መሬት በዓመት በአማካይ 42 ቶን አፈር ይታጠባል፤ ይህም 420 ኩንታል ማለት ነው። ከግጦሽ መሬት የሚታጠበው ግን 5 ቶን ብቻ ነው። ቀድሞ ታርሶ የነበረና አሁን ምርት መስጠት ያቆመ የተራቆተ መሬት ደግሞ 70 ቶን ያጣል። ከሁሉ በላይ አፈር የሚያስወስደው እንግዲህ ማረሻው ነው፤ ሣር የለበሰ መሬት፣ ቢጋጥም እንኳ፣ ከታረሰ ማሳ በእጅጉ የተሻለ አፈሩን ይይዛል። በስብሰባ ላይ ከብቱን ብቻ የሚከስሱ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ሲለወጥ አይቻለሁ።

ይሁን እንጂ ላሚቱን በዚህ ቁጥር ብቻ ነጻ አውጥቶ መሄድም አይቻልም። በመጀመሪያ ማረሻውን የሚጎትተው በሬ ነው፤ ጥማድ በሬ ለማግኘት ደግሞ ላም፣ ጊደርና ወይፈን አብሮ መኖር ስላለበት፣ የእርሻው ስፋት ራሱ የመንጋውን ብዛት ይወስናል። እርሻው ወደ ሜዳው በገፋ ቁጥር የሚያርሱት በሬዎች ይበዛሉ፣ የሚግጡበት ደግሞ ያንሳል። በሁለተኛ ደረጃ አማካይ ቁጥር ቦረቦሩን አያሳይም። ከባሕር ዳር ወደ አዴት በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ በሚገኘው ደብረ ማዊ ተፋሰስ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ባደረጉት ጥናት፣ ትልልቆቹ ቦረቦሮች የሚፈጠሩት ዳገቱ ላይ ሳይሆን በግርጌው፣ የከርሰ ምድር ውኃው በክረምት ወደ ላይ በሚወጣበት ረባዳ ቦታ መሆኑን አሳይተዋል። አፈሩ ውኃ ሲጠግብ ክብደቱ ይጨምራል፣ የመያያዝ ኃይሉም ይቀንሳል፤ ያኔ የቦረቦሩ ግድግዳ በራሱ ጊዜ ይናዳል። ይህ ረባዳ ቦታ ማለት ገበሬው በክረምት ከብቱን የሚያሰማራበት ሜዳ ነው።

ቦረቦር እንዴት እንደሚጀምር በዓይኔ ተከታትያለሁ። ከብት ወደ ውኃ ሲወርድ ተከታትሎ በአንድ መስመር ይሄዳል፤ ያ መስመር ሣሩን ያጣል፣ ይጎደጉዳል፣ በክረምት ትንሽ ቦይ ይሆናል። ቦዩ ረባዳው ዘንድ ሲደርስ ከላይ የመጣው ጎርፍና ከታች የወጣው ውኃ ይገናኙና መሬቱ ደረጃ ሠርቶ ይሰበራል። ከዚያ በኋላ ስብራቱ በየክረምቱ ወደ ላይ እየበላ ይወጣል። እኛ በልጅነታችን እየሮጥን የምንዘልለው የሰፈራችን ቦይ ዛሬ በሬ የሚሰወርበት ገደል ሆኗል፣ ከወዲያ ማዶ ላለ ዘመድ ለመድረስም ዙሪያውን መሄድ ግድ ነው። ቦረቦሩ ሌላም ነገር ያደርጋል፤ ጎኑና ጎኑ ያለውን ጨፌ ውኃ ወደ ውስጡ ስለሚስብ ሜዳውን ያደርቀዋል። ቀድሞ እስከ ጥር መጨረሻ ለምለም የነበረው ሣር አሁን በኅዳር ይገረጣል፤ እረኞቹም ጊዜያቸውን ጠብቀው የሚሰማሩበት ሜዳ ስለሌላቸው ቀድመው ወደ ዳገቱ ይወጣሉ።

ሜዳው ለምን ጠበበ ለሚለው ጥያቄ የሕዝብ መብዛት ቀላሉ መልስ ነው፣ እውነትም ነው፣ ግን ብቻውን አይደለም። በጎጃም የርስት ሥርዓት ውስጥ ሜዳው የአንድ አካባቢ ባለርስቶች የወል ሀብት ነበር፤ ማን እንደሚያሰማራ፣ መቼ እንደሚከለከልና ድርቆሹ መቼ እንደሚታጨድ በሽማግሌዎች ይወሰናል፣ የጣሰም ይቀጣ ነበር። ያ ሥርዓት ፍትሐዊ ነበር ብዬ ልከራከር አልፈልግም፤ ባለርስት ያልሆነው፣ በተለይም የእጅ ሥራ የሚሠራው ወገን፣ በዚያ ሜዳ ላይ ይህ ነው የሚባል ድምፅ አልነበረውም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ሲታወጅ ሥልጣኑ ወደ ገበሬ ማኅበር ተሸጋገረ። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተካሄደው የመሬት ድልደላና ከዚያም ወዲህ ለወጣቶች መሬት ለመስጠት በተደረጉ ጥረቶች፣ ከሁሉ ቀድሞ የሚታየው ባዶ ቦታ የወል ሜዳው ነበር። ባዶ የሚለው አባባል ራሱ የከብቱን ድርሻ የማይቆጥር አስተሳሰብ ይመስለኛል። ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ፣ ትምህርት ቤት ሲሠራ፣ መጋዘን ሲሠራ፣ ባሕር ዛፍ ሲተከል ሁልጊዜ የሚቆረሰው ከሜዳው ነው። አንዱም ውሳኔ ብቻውን ሲታይ ስሕተት አይደለም፤ ተደምረው ግን ከብቱን ወደ ጨፌውና ወደ ገደሉ አፋፍ ገፍተውታል።

የከብት ቁጥር ቀንሱ የሚለውን ምክር ገበሬው ለምን እንደማይሰማ አጎቴ ከማንም በተሻለ አስረድቶኛል። ሦስት ላሞች፣ ጥማድ በሬና ጥቂት በጎች አሉት። ‹‹አንተ ልጅ፣ እኔ አንዷን ላም ብሸጣት ሜዳው ለእኔ አይሰፋልኝም፤ እሷ የምትተወውን ሣር የጎረቤት ከብት ይበላዋል። ታዲያ ምን አተረፍሁ?›› አለኝ። የወል ሀብት ችግር በመጻሕፍት ብዙ ተጽፎበታል፤ ከዚህ በላይ ግልጽ አድርጎ ያስቀመጠ ግን አላጋጠመኝም። ላሚቱ ባንኩም ናት፣ የልጅ መዳሪያም ናት፣ በሬ ቢሞት መተኪያም ናት። በዝቅተኛ ወተቷ ብቻ የሚመዝናት ሰው ሥራዋን ግማሽ በግማሽ ቆጥሮ ነው።

ከሜዳው ወደ ላይ፣ ወደ ጮቄ ሲወጣ ነገሩ መልኩን ይቀይራል። ጮቄ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር ከፍ የሚል ተራራ ሲሆን ሙጋ፣ ሱሃ፣ ጨሞጋ፣ ተምጫና ሌሎችም ብዙ ወንዞች ከሱ ተነሥተው ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። ከአናቱ ላይ የጓሳ ሣርና ጅብራ የተባለው ረጅም ተክል፣ ዝቅ ሲል አስታ የተባለው የደጋ ቁጥቋጦ፣ ከዚያም ቀርቀሃና የኮሶ ቅሪት ይገኛል። የጓሳ ሣር በጉብጉብ እየሆነ ስለሚበቅል በጭጋግና በዝናብ የመጣውን እርጥበት ይዞ ቀስ እያለ ይለቅቃል፤ የበጋ ምንጮች እንዳይደርቁ የሚያደርገው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። አሁን የገብስና የድንች እርሻ ከታች ወደ ላይ እየገፋ አስታውን ጨርሶ ወደ ጓሳው ደርሷል፣ ከእርሻው የተገፋው በግ፣ ፈረስና ከብት ደግሞ ከእርሻው ፊት ፊት እየቀደመ ይወጣል። በዚያ ከፍታ ብርዱ ስለሚያይል ሣር የሚያድገው በዝግታ ነው፤ በቆላ በአንድ ክረምት የሚያገግም ጉዳት እዚያ ብዙ ዓመት ይፈልጋል። ጅብራውን ከብት ስለማይደፍረው ብቻውን ቆሞ ይታያል፣ ጎብኚም ፎቶ ያነሣዋል፤ በግርጌው ያለውን የተነጨ መሬት ግን ልብ የሚል ጥቂት ነው።

ጓሳን በሥርዓት መጠበቅ እንደሚቻል ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። በሰሜን ሸዋ መንዝ የሚገኘው የጓሳ ሜዳ ‹‹ቀሮ›› በሚባል የአካባቢው ሥርዓት ለመቶዎች ዓመታት ተጠብቆ የኖረ ነው፤ ሜዳው ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጋና ሣሩ ሲደርስ በአንድነት ይከፈታል። ከ1967ቱ አዋጅ በኋላ ያ ሥርዓት ቢላላም ሕዝቡ በአዲስ መልክ አቋቁሞት ዛሬ የኅብረተሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆኗል። ጮቄ ዙሪያውን በብዙ ወረዳዎች የተከበበ በመሆኑ የመንዙን ያህል ቀላል አይሆንም፤ አንዱ ወረዳ ሲዘጋ የሌላው ከብት ይገባል። የጮቄ ጥበቃ ለአንድ ወረዳ ብቻ የሚተው ሥራ አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

መሬት ከከብት ሲያርፍ ምን እንደሚሆን ከሚያሳዩት ሁሉ ግልጹ የአብያተ ክርስቲያናት ደን ነው። በአጎራባቹ ደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖችን ያጠኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ፣ ከብት እንዳይገባ በታጠረው የደን ክፍል የሚበቅሉ ችግኞች ካልታጠረው በተሻለ እንደሚተርፉ አሳይተዋል። ትልልቆቹ ዛፎች ቆመው እያሉ ከሥራቸው ምንም ታዳጊ የሌለበት ደን፣ ሽማግሌዎች ብቻ የቀሩበት መንደር እንደ ማለት ነው። ዛሬ በጎጃምም በጎንደርም ብዙ ደብሮች ዙሪያቸውን የድንጋይ አጥር ማጠር ጀምረዋል።

አማራጩ አስሮ መቀለብ ነው ይባላል፤ ሣሩ ይታጨዳል፣ ከብቱ ከደጁ ይበላል። ይህ እንደሚሠራ አልጠራጠርም። የተዘጋ ሜዳ በአንድና ሁለት ክረምት ውስጥ የሚሰጠው ሣር ልዩነቱ ለማንም ዓይን የሚታይ ነው። በእርከን ላይ የሚተከለው ደሾ የተባለ ሣር አፈሩንም ይይዛል፣ ለከብቱም ይታጨዳል፤ ዝሆኔ ሣር፣ እንዲሁም ሰስባንያና ትሪ ሉሰርን የተባሉት የመኖ ዛፎች በጓሮ ይበቅላሉ። በአዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ደግሞ ገበሬዎች ማንም ሳይቀሰቅሳቸው የራሳቸውን መንገድ አግኝተዋል፤ ዲከረንስ የተባለውን ግራር በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ይዘራሉ፣ በሚቀጥሉት ዓመታት ከዛፉ ሥር የሚበቅለውን ሣር ያጭዳሉ፣ በአራት በአምስት ዓመቱ ዛፉን ከሰል አድርገው ይሸጡና መሬቱን እንደገና ያርሱታል። ችግኙ እንዲጸድቅ ከብት መታሰር ስላለበት ልቅ ግጦሹ በደንብ አስገዳጅነት ሳይሆን በጥቅም ቆሟል። የከሰሉ ጭስና የአንድ ዓይነት ዛፍ መብዛት ግን ሌላ ጽሑፍ የሚፈልግ ጉዳይ ነው።

ስለ አስሮ መቀለብ በሚነገረው ሁሉ ውስጥ እምብዛም የማይሰማ ድምፅ አለ። አንዲት የሰፈራችን እናት በስብሰባ ላይ ተነሥተው፣ ‹‹አስራችሁ አብሉ ትሉናላችሁ፤ አጫጁ ማን ነው? ተሸካሚዋስ ማን ናት?›› ብለው ሲጠይቁ ወንዶቹ ሣቁ። ጥያቄው ግን መልስ አላገኘም። ልቅ ግጦሽ የአንድ ልጅ እረኝነት ይጠይቃል፤ አስሮ መቀለብ ሣር ማጨድን፣ መሸከምን፣ ውኃ ቀድቶ ማጠጣትን፣ በረት መጥረግን ይጠይቃል፣ ይህም በአብዛኛው በሴቶችና በልጃገረዶች ላይ ይወድቃል። እረኛው ትምህርት ቤት መግባቱ እሰየው ነው፤ የእሱ ሥራ ወደ እናቱ ከተዛወረ ግን ሒሳቡ ገና አልተዘጋም። መሬት የሌላት፣ አንዲት ላም ብቻ ያላት ባልቴትም በሜዳው መዘጋት ከሁሉ ቀድማ የምትጎዳ ናት፤ ደሾ የምትተክልበት እርከን የላትም።

ስለ አየር ንብረቱ በአጭሩ ልናገር። ኢትዮጵያ ወደ 70 ሚሊዮን የሚጠጋ የዳልጋ ከብት አላት፤ በአፍሪካ ቀዳሚው ቁጥር ነው። በ2004 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ፣ በአውሮፓውያኑ 2010 አገሪቱ ከለቀቀችው 150 ሚሊዮን ቶን ገደማ በካይ ጋዝ ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው ከእንስሳት ሀብት የመጣ መሆኑን አስቀምጧል። የሚያመነዥክ እንስሳ የበላውን ሲፈጭ ሚቴን ያወጣል፤ ምግቡ ደረቅ ጭድና ያረጀ ሣር ሲሆን ደግሞ ለአንድ ሊትር ወተት የሚወጣው ጋዝ ይበዛል። ስለዚህ የተሻለ ቀለብ ማብላት ለሜዳውም ለአየሩም ይጠቅማል። የጎጃም ገበሬ ግን ከዓለም ሙቀት ቀድሞ የሚያሳስበው የሰፈሩ ቦረቦር መሆኑን ማንም ሊፈርድበት አይገባም። ቦረቦሩ የሚያስወጣው አፈር እኮ የትም አይጠፋም፤ ከፊሉ መራዊ አጠገብ 7,000 ሄክታር ገደማ እንዲያለማ የተሠራውን የቆጋ ግድብ ዓይነት ኩሬዎች ይሞላል፣ ከፊሉ በዓባይ ወርዶ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ወደሚይዘውና በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ወደተመረቀው ታላቁ ግድብ ይጓዛል።

የእኔ አስተያየት እንግዲህ ከወቅቱ መጀመር ነው። ልቅ ግጦሽ በዓመቱ ሁሉ በየቦታው ይቁም የሚል ደንብ በወጣ ማግሥት ይፈርሳል፤ ረባዳው ሜዳ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መጨረሻ ብቻ ይዘጋ የሚል ደንብ ግን ሊጠበቅ ይችላል። ጊዜው አጭር ነው፣ ቦታው በዓይን የሚታይ ነው፣ ጥቅሙም በጥቅምት በታጨደው ድርቆሽ ይለካል። ድርቆሹ በከብት ቁጥር ሳይሆን በአባወራና በእማወራ እኩል ይከፈል፤ ላም የሌላት ድርሻዋን ትሽጥ። እንዲህ ከሆነ ከብት የሌለው ሰው ራሱ የሜዳው ዘበኛ ይሆናል፣ አጎቴም ላሚቱን ቢሸጥ የሣር ድርሻው ለጎረቤት ከብት አይሄድበትም።

ትልቁ እንቅፋት ሐምሌና ነሐሴ ናቸው። በእነዚህ ሁለት ወራት የጭዱ ክምር አልቋል፣ አዲሱ ሣር አልደረሰም፣ በሬውም ገና ከእርሻ መውጣቱ ስለሆነ ደክሟል። ሜዳው ከተዘጋ ከብቱ ምን ይበላል? ካለፈው ጥቅምት የተረፈ ድርቆሽ ካለ እሱን፤ ነገር ግን ድርቆሽ በጎጃም ዝናብ ሜዳ ላይ ተከምሮ አይከርምም፣ ይሻግታል። ቆርቆሮ ክዳን ያለው፣ ከመሬት ከፍ ብሎ የተሠራ የድርቆሽ ማስቀመጫ ያስፈልጋል፣ ያም ለአብዛኛው ገበሬ ከአቅም በላይ ነው። ፋጉሎና ፉርሽካ በከተማ ዋጋቸው ከዓመት ወደ ዓመት እየጨመረ ሄዷል። ለችግኝና ለእርከን ዘመቻ የሚወጣው የሕዝብ ጉልበትና ገንዘብ ከፊሉ በየጎጡ ለእንዲህ ያለ የድርቆሽ መጋዘን ቢውል፣ ሜዳውን የሚዘጋው ደንብ በመጀመሪያው ሐምሌ የመፍረስ ዕድሉ ያንሳል።